ፍሪዝ ላይ ነን፦ የዋና ላይብረሪ ኤቢአይ ሳይነካ እንዴት ይቆያል? (ዴቢያን 13፣ የሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች ኢሜጅ)

ባሶ_ቢልድ · ሐምሌ 2

ሰላም ለሁላችሁ። ለ2019 የትምህርት ዘመን የሚወጣው ኢሜጅ (ማሽኖቹ ላይ የሚጫነው ሙሉ ሲስተም) ከሐምሌ 1 ጀምሮ ፍሪዝ ላይ ነው፤ ማለትም እስኪወጣ ድረስ ለውጥ ይገደባል። መሠረቱ ዴቢያን 13 (ትሪክሲ) ነው። በላዩ የራሳችን ሪፖዚተሪ አለ፤ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ላይብረሪ፣ እሱን የሚጠሩ ስድስት ፕሮግራሞች (ምዝገባ፣ የውጤት ካርድ፣ ቤተ መጻሕፍትና ሌሎች ትንንሾች)፣ እንዲሁም ለአሮጌ ዋይፋይ ካርዶች ከከርነሉ ውጪ የሚገነባ አንድ ሞጁል።

ደብረ ብርሃን ያሉት ላቦች በኔትወርክ ይዘምናሉ። ለመሐል ሜዳ፣ ለሞላሌና ለዓለም ከተማ ግን በክረምት የሚላከው ፍላሽ ነው። ፍላሹ ላይ ያሉት የተቀየሩት ፓኬጆች ብቻ ናቸው፤ ማን የትኛውን እንደጫነ፣ የትኛውን እንደዘለለ እዚህ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

አሁን ሦስት ጥያቄዎች መጥተዋል። አንዱ የቀን ስትራክቱ (ዓመት፣ ወርና ቀን አብሮ የሚይዘው የዳታ ቅርጽ) ላይ የዘመኑን ወንጌላዊ የሚይዝ መስክ ይጨመር የሚል ነው። ሁለተኛው የአማርኛ ወር ምሕፃረ ቃላት ስላልጣሙን አይሲዩን (የቋንቋ ዳታና የድርደራ ሕግ የሚይዘውን ላይብረሪ) ወደ አዲስ ቨርዥን እናሳድግ ይላል። ሦስተኛው ለአዳዲስ ላፕቶፖች ከባክፖርትስ (ለተረጋጋው ዴቢያን አዳዲስ ቨርዥኖች የሚቀርቡበት ሪፖዚተሪ) አዲስ ከርነል እንዲገባ ነው። የመጀመሪያውን ኮድ ገምጋሚው «ኤፒአዩ አልተነካም፣ ፕሮግራሞቹ ያለ ለውጥ ኮምፓይል ይሆናሉ» ብሎ አጽድቆታል። የቱ ይግባ፣ የቱ ይቆይ?


ጣርማበር · ሐምሌ 2

ኮምፓይል መሆኑ የሚያሳየው ኤፒአዩ (በሶርስ ኮድ ደረጃ ያለው በይነገጽ) ደህና መሆኑን ብቻ ነው። ፍሪዝ ላይ የሚጠየቀው ሌላ ነው፣ ኤቢአዩ (በተገነባው ባይነሪ ደረጃ ያለው በይነገጽ)፦ ባለፈው ወር የተገነባው ባይነሪ፣ ማንም ዳግም ሳይገነባው፣ ከዛሬው ላይብረሪ ጋር ይሠራል ወይ? እናንተ ደግሞ ፍላሽ ስለምትልኩ ይህ ለእናንተ የወረቀት ጥያቄ አይደለም።

ስትራክቱን እንየው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ እያንዳንዳቸው 32 ቢት ከሆኑ መጠኑ 12 ባይት ነው። አንድ መስክ ስትጨምር 16 ይሆናል። አሮጌው የምዝገባ ፕሮግራም ስታኩ ላይ የያዘው ቦታ 12 ባይት ነው፤ አዲሱ ላይብረሪ 16 ባይት ይጽፍበታል። ትርፉ 4 ባይት አጠገቡ ባለው ተለዋዋጭ ላይ ይፈስሳል። ዕድለኛ ከሆንክ የስታክ መከላከያው ይይዘውና ፕሮግራሙ ወዲያው ይቆማል። ካልሆንክ የተማሪው መለያ ቁጥር ዜሮ ሆኖ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል፤ ማንም ሳያየው ሴሚስተሩ ያልፋል። መስኩን መጨረሻ ላይ ብታደርገውም አያድንህም፤ መሐል ላይ ብታደርገው ግን በዚያ ላይ የወሩና የቀኑ ቦታም ይዛባል። ከመጠን ለውጥ የሚያመልጠው ስትራክቱን ላይብረሪው ራሱ ፈጥሮ ለጠሪው ፖይንተር ብቻ ሲሰጥ ነው። የእናንተው እንደዚያ አይደለም መሰለኝ።

ለነገሩ መስኩ ራሱ አያስፈልግም። ወንጌላዊው ከዓመቱ ይሰላል፦ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር፣ ለ4 አካፍል፤ ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። መጪው 2019 ሲደመር 7519 ይሆናል፣ ቀሪው 3፣ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜኑም 6 ቀን። ዓመት ተቀብሎ ከ0 እስከ 3 ቁጥር የሚመልስ አንድ አዲስ ፈንክሽን ጨምሩ፣ ስትራክቱን አትንኩት።


ሸዋሮቢት_ተርሚናል · ሐምሌ 2

ስድስት ፕሮግራም ነው እኮ። ሶኔሙን (ፕሮግራሞች ላይብረሪውን የሚጠሩበትን ባለ ቁጥር ስም) ከ1 ወደ 2 አሳድጎ ሁሉንም ዳግም መገንባት አንድ ሌሊት አይፈጅም። ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን?


ጀማ · ሐምሌ 3

ግንባታው አይፈጅም፣ የሚፈጀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሶኔም ማሳደግ በራሱ ትክክለኛ መንገድ ነው፤ ግን የፓኬጁ ስምም አብሮ ይለወጥ። መጨረሻው 1 የነበረው ፓኬጅ 2 ይሆንና ሁለቱ ጎን ለጎን ይጫናሉ፤ አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች አሮጌውን ይዘው ይቀጥላሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ የፓኬጁ ስም ሳይለወጥ ውስጡ ያለው ፋይል ብቻ 2 ይሆናል። አፕት (የዴቢያን የፓኬጅ ጫኝ) ፓኬጁን ሲያድስ ባለ 1ዱን ፋይል ያነሳዋል፤ ከፍላሹ ላይብረሪውን ብቻ የጫነ ላብ ውስጥ ስድስቱም ፕሮግራሞች «ላይብረሪው አልተገኘም» ብለው ሳይነሱ ይቀራሉ።

ስሙ ቢለወጥም ሌላ ጣጣ አለ። አንድ ፕሮግራም ባለ 2ቱን ጠርቶ ፕለጊኑ ባለ 1ዱን ቢጠራ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ፕሮሰስ ውስጥ ይገናኛሉ። ሲምቦሎቹ (ላይብረሪው የሚያወጣቸው የፈንክሽን ስሞች) ቨርዥን ከሌላቸው የአንዱ ጥሪ ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላል። ግሊብሲ (የሲስተሙ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ይህን ስላሰበበት ነው ሲምቦሎቹን በቨርዥን የሚያወጣው፦ በ2.14 የሜምኮፒ (ሜሞሪ የሚገለብጠው ፈንክሽን) ጠባይ ሲለወጥ አዲሱ ሲምቦል የ2.14 ምልክት ተሰጠው፤ አሮጌ ባይነሪዎች የሚያገኙት ያው የቀድሞውን ነው።

ለአንድ መስክ ብሎ ስድስት ፓኬጅ ዳግም ገንብቶ የስድስቱንም ፈተና ከዜሮ መጀመር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።


ሸዋሮቢት_ተርሚናል · ሐምሌ 3

እሺ፣ ስለ ፕለጊኑ አላሰብኩም ነበር። ግን ፈንክሽን መጨመርስ? እሱም ለውጥ አይደለም?


ጣርማበር · ሐምሌ 3

ነው። መጨመር አሮጌ ፕሮግራም ከአዲስ ላይብረሪ ጋር ሲገናኝ ጉዳት የለውም፤ ችግሩ በተቃራኒው ነው። አዲሱን የውጤት ካርድ ፕሮግራም ጭኖ ላይብረሪውን ያላደሰ ላብ አለ እንበል። ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ሜኑው ይከፈታል፣ ሁሉ ሰላም ይመስላል። አስተማሪው ካርዱን ሊያትም ሲል ነው «የማይታወቅ ሲምቦል» ብሎ የሚሞተው፤ ምክንያቱም ሊንከሩ ሲምቦሎቹን የሚፈልገው ሲጠሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሞቹን «አሁኑኑ ፈልግ» በሚለው የሊንከር አማራጭ ገንቧቸው፤ የጎደለ ነገር ካለ ገና ሲነሱ ይታወቃል።

ዋናው መፍትሔ ግን የፓኬጁ የሲምቦልስ ፋይል ነው። አዲሱ ፈንክሽን ከየትኛው ቨርዥን ጀምሮ እንዳለ እዚያ ይጻፋል፤ ፕሮግራሙ ሲገነባ «ላይብረሪው ቢያንስ ይህ ቨርዥን ይሁን» የሚለው ጥገኝነት በራሱ ይገባል። አፕት ያኔ ፕሮግራሙን ብቻውን አልጭንም ይላል፤ የፈለግነውም ይህንኑ ነው። ይህን ፋይል የሚፈትሸውን የዲፒኬጂ-ጄንሲምቦልስን የፍተሻ ደረጃም ከፍ አድርጉት። በነባሪው 1 ላይ ግንባታው የሚወድቀው ሲምቦል ከጠፋ ብቻ ነው፤ በ2 አዲስ ሲምቦል ከገባም ይወድቃል፣ በ3 ላይብረሪ ከጠፋ፣ በ4 አዲስ ላይብረሪ ከተጨመረ። ለፍሪዝ 4 አድርጉት። አንድ ሰው ስታቲክ ማድረግ ረስቶ ያወጣት የውስጥ ፈንክሽን ሳትቀር ታስታውቃለች።


ባሶ_ቢልድ · ሐምሌ 3

የሲምቦልስ ፋይሉ አለን። እሱን ካለፈ ኤቢአዩ ደህና ነው ልንል እንችላለን?


ቀወት_ዴቭ · ሐምሌ 4

አትበል። የሲምቦልስ ፋይል የሚያየው ስም ብቻ ነው። የስትራክቱ መጠን ከ12 ወደ 16 ሲሄድ የፈንክሽኑ ስም ያው ስለሆነ ያሳልፈዋል። ለዚያ ሊብአቢጌይል (ኤቢአይ የሚያነጻጽሩ መሣሪያዎች ስብስብ) ያስፈልጋል።

ፍሪዙ በጀመረበት ቀን የነበረውን ላይብረሪ ከነዲባግ መረጃው ያዝ፤ በጂሲሲ የዲባግ አማራጭ የተገነባ መሆን አለበት። አቢ-ዲደብልዩ በሚባለው መሣሪያ መግለጫውን ወደ ኤክስኤምኤል ፋይል አውጣና ጊት ውስጥ አስቀምጠው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፓች ሲመጣ አዲሱን ግንባታ ከዚያ ፋይል ጋር በአቢዲፍ አነጻጽር። የመውጫ ኮዱ ቢት በቢት ይነበባል፦ 0 ለውጥ የለም፣ 4 የኤቢአይ ለውጥ አለ፣ 8 የማይጣጣም ለውጥ ነው። ስለዚህ 12 ካየህ ነገሩ አከተመ፣ ፓቹ ይመለሳል። 4 ብቻ ከሆነ ሰው ያንብበው፤ አዲስ ፈንክሽን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ጎጂ መሆኑን መሣሪያው ያላወቀውም ሊሆን ይችላል። 1 የመሣሪያው ስህተት ነው፣ 2 ደግሞ የአጠራር ስህተት፤ ሲአይህ (ግንባታውን በራሱ የሚፈትሸው ሲስተም) ከ0 በስተቀር ያለውን ሁሉ «ተለውጧል» ብሎ እንዳይተረጉመው።

አንድ ወጥመድ አለ። ዴቢያን ሲገነባ የዲባግ መረጃውን ነጥቆ ለብቻው ፓኬጅ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አቢዲፍን በተነጠቀው ላይብረሪ ላይ ብታስኬደው አይጮህም፤ ስሞቹን ብቻ አነጻጽሮ 0 ይመልሳል። በዲ1 እና በዲ2 አማራጮች የዲባግ ማውጫዎቹን አሳየው። መሥራቱን ለማወቅ ሆን ብለህ ስትራክቱ ላይ አንድ መስክ ጨምርና አስኪደው፤ ዝም ካለ አልሠራም ማለት ነው።

ኢነሞችን (ተራ ቁጥር የተሰጣቸውን የስም ዝርዝሮች) ደግሞ በዓይን እዩ። ከዝርዝሩ መሐል የሚገባ አንድ አዲስ እሴት ከሱ በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ይገፋል። ከመጨረሻው በኋላ ይጨመር፤ «ጠቅላላ ብዛት» የሚል መዝጊያ እሴት ካለ ግን እሱም ይለወጣልና በሱ መጠን አሬይ የያዘ አሮጌ ፕሮግራም ካለ ያስቸግራል።


መሐልሜዳ_ላብ · ሐምሌ 4

አይሲዩን ማን ሊመልስ ነው? እኛን የሚነካን እሱ ነው፣ የተማሪ ዝርዝር በፊደል ተራ የሚደረደረው በሱ ነው።


ጀማ · ሐምሌ 5

አይሲዩ ላይ መልሴ አይሆንም ነው፣ ለዚህ ዙር። አይሲዩ በነባሪው እያንዳንዱ ፈንክሽን ስም ላይ የዋና ቨርዥኑን ቁጥር ይለጥፋል፤ ዴቢያን 12 ላይ 72፣ ዴቢያን 13 ላይ 76። ስለዚህ ዋናው ቨርዥን በተለወጠ ቁጥር የአንድም ፈንክሽን ስም ከቀድሞው ጋር አይገጥምም፤ አይሲዩን የሚጠራ ሁሉ ዳግም ይገነባል። ከናንተ ስድስት ፕሮግራሞች ባሻገር ፖስትግሬስ፣ ሊብረኦፊስ፣ የብራውዘር ሞተሮች ሁሉ አሉበት። ይህን ዴቢያንም ቢሆን የሚያደርገው ከፍሪዝ በፊት፣ ለብቻው በታቀደ ሽግግር ነው።

የወር ምሕፃረ ቃላቱ ግን ኮድ አይደሉም፣ ከሲኤልዲአር (የዩኒኮድ የቋንቋ ዳታ ክምችት) የሚመጣ ዳታ ናቸው። የ76ቱን ሶርስ ይዛችሁ የአማርኛውን የሎኬል ፋይል ብቻ ፓች ብታደርጉ ሶኔሙም ሲምቦሎቹም አይነኩም። እንዲያውም ያነሰ መንገድ አለ፦ ምሕፃረ ቃላቱን በራሳችሁ ላይብረሪ ውስጥ አስቀምጡ። የምትፈልጓቸው 13 ቃላት ናቸው፤ ለ13 ቃል ብሎ የአይሲዩን ፓኬጅ ፎርክ አድርጎ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የደኅንነት ማሻሻያ ሁሉ ራስ መሸከም አያዋጣም።

ለመሐል ሜዳው ወንድሜ፦ የፊደል ተራው ጉዳይ ኤቢአይ ፍተሻ የማያየው በይነገጽ ነው። የዳታቤዝ ኢንዴክስ የሚቀመጠው በተሠራበት ጊዜ በነበረው የድርደራ ሕግ ነው። ሕጉ ሲለወጥ ኢንዴክሱ ይሳሳታል፤ ያለ ተማሪ «የለም» ይባላል፣ አንዱ ተማሪ ሁለቴ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 ግሊብሲ 2.28 የድርደራ ዳታውን ሲያድስ ብዙ የፖስትግሬስ ዳታቤዞች የተነኩት በዚህ ነው። ከዴቢያን 12 ወደ 13 የሄደ ላብ ካለ ፖስትግሬሱ የኮሌሽን (የድርደራ ሕግ) ቨርዥን ልዩነት ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያውን ዝም ከማሰኘታችሁ በፊት ኢንዴክሶቹን ዳግም ገንቡ (ሪኢንዴክስ)፤ ከዚያ ነው «የኮሌሽን ቨርዥኑን አድስ» የሚለው ትእዛዝ የሚሰጠው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ስህተቱ ግን ይቀመጣል።


ቀወት_ዴቭ · ሐምሌ 5

ለፍሪዝ መፈተሻ ትንሽ ነገር ልጨምር። በሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ በሰና ሠ፣ በአና ዐ፣ በጸና ፀ የሚጀምሩ ስሞችን አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ አኑሩና ፍሪዙ በጀመረበት ቀን የተደረደሩበትን ቅደም ተከተል አስቀምጡ። በየግንባታው እንደገና ደርድራችሁ አነጻጽሩ። አንድ መስመር ከተንቀሳቀሰ ግንባታው ይውደቅ። አቢዲፍ የማይነግራችሁን ይህ ይነግራችኋል።


ሸዋሮቢት_ተርሚናል · ሐምሌ 6

ከርነሉ ላይ የኔ አቋም ይግባ ነው። ሊኑክስ የተጠቃሚ ፕሮግራሞችን አይሰብርም፣ ሕጉ ነው።


ጣርማበር · ሐምሌ 6

ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች ልክ ነህ። የሲስተም ጥሪዎቹ ይጠበቃሉ፤ ዴቢያን 13ቱን 6.12 ከባክፖርትሱ ከርነል ብትተካው የምዝገባ ፕሮግራሙ ልዩነቱን አያውቀውም። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ከርነሉ ለራሱ ሞጁሎች የተረጋጋ በይነገጽ እንደማይሰጥ ገንቢዎቹ በሰነድ ጭምር አስቀምጠውታል፤ የእናንተ የዋይፋይ ሞጁል የቆመው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። አንድ የውስጥ ፈንክሽን ተጨማሪ አርጉመንት ከያዘ ዲኬኤምኤስ (ለአዲስ ከርነል ሞጁሎችን ዳግም የሚገነባው መሣሪያ) ሊገነባው ሲል ይወድቃል፣ ከርነሉ ግን ገብቶ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ በአዲሱ ከርነል ሲነሳ ዋይፋይ የለም። ዋይፋይ ከሌለ ደግሞ ማስተካከያውን በኔትወርክ ማውረድ አይቻልም።

ሁለተኛው መንስኤ ደግሞ የሄደር ፓኬጅ (ሞጁል ለመገንባት የሚያስፈልጉ የከርነሉ ፋይሎች) መቅረት ነው፤ በፍላሽ ሲላክ የተለመደ ነው። የከርነል ፓኬጁ ብቻ ይገለበጣል፣ ተዛማጁ ሄደር ይቀራል፣ ዲኬኤምኤስም የሚገነባበት ነገር ስላጣ ዘሎት ያልፋል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይሂዱ፤ ቨርዥናቸውም አንድ ይሁን።

ስለዚህ ነባሩ ከርነል በዋናው ኢሜጅ ይቆይ። የባክፖርትሱን ለአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ብቻ በተለየ ፓኬጅ ዝርዝር ስጡ፤ እነሱ አሮጌውን ካርድ ስለሌላቸው ሞጁሉን አይፈልጉትም። በአፕት ፒኒንግ (የፓኬጅ ምንጮችን ቅድሚያ መወሰኛ) ያዙት፤ ባክፖርትስ በነባሪው ቅድሚያው 100 ስለሆነ ካልጠራችሁት በራሱ አይገባም፣ ግን ማንም እጁን እንዳያስገባበት በግልጽ ጻፉት።

በነገራችን ላይ 32 ቢት ብቻ የሆኑ አሮጌ ማሽኖች የቀሩ ካሉ ለነሱ ዴቢያን 13 አታስቡ። የ32 ቢት ኢንቴል ኢንስቶለርም ከርነልም ቀርቷል፤ በ12 ይቆዩ።


ባሶ_ቢልድ · ሐምሌ 7

በጣም ረድታችሁኛል። አሁን የቀረኝ ደንቡ ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን ያስገባል? የፍሪዝ ሕግ አልነበረንም፣ «ትልቅ ነገር አታስገቡ» ከማለት በቀር።


ጀማ · ሐምሌ 7

«ትልቅ» ማለት ለያንዳንዱ ሰው የተለየ ነው። የዴቢያንን ደረጃ ተመልክታችሁ ለራሳችሁ አሳጥሩት። ለትሪክሲ የሽግግርና የቱልቼይን ፍሪዝ እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2025 ጀመረ፣ ሶፍት ፍሪዝ ኤፕሪል 15፣ ሃርድ ፍሪዝ ሜይ 15፣ ሙሉው ፍሪዝ ጁላይ 27፤ የወጣው ኦገስት 9 ነው። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የሚዘጋው ኮምፓይለሩና የላይብረሪ ሽግግሩ ነው። ሌሎቹ ሁሉ የሚቆሙት በነሱ ላይ ስለሆነ ቀድመው ይረጋሉ፤ የትንንሽ ፕሮግራሞች ጥገና ግን ለወራት ይቀጥላል። የ64 ቢት ጊዜ ሽግግሩንም አስቡት፤ እ.ኤ.አ. የ2038ን ችግር (የ32 ቢት የጊዜ ቁጥር የሚሞላበትን) ለ32 ቢት ማሽኖች ለመፍታት እጅግ ብዙ ላይብረሪዎች የኤቢአይ ለውጥ ነበራቸው፣ የተሠራው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፣ ፍሪዙ ሳይደርስ።

ለናንተ፦ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ላይብረሪው (ከላይ ከተነጋገርንበት አዲስ ፈንክሽን በቀር)፣ ኮምፓይለሩና ከርነሉ ይዘጋሉ። ፕሮግራሞች እስከ ሐምሌ 30 ጥገና ይቀበላሉ፤ አዲስ ፓኬጅ ግን አይገባም። ከነሐሴ 1 በኋላ ማንኛውም ለውጥ በጽሑፍ ፈቃድ ነው። ጠያቂው የሚያቀርበው የዴብዲፍ (በሁለት የፓኬጅ ቨርዥኖች መካከል ያለው ልዩነት) ውጤትን፣ የአቢዲፍ ውጤትን፣ ለውጡ ባይገባ ምን እንደሚበላሽና ቢገባ ምን ሊበላሽ እንደሚችል ነው። ዴብዲፉ ውስጥ ከጥገናው ጋር የማይገናኝ መስመር (ባዶ ቦታ ማስተካከል፣ ፋይል ማዛወር፣ የትርጉም ፋይሎች ዳግም መመንጨት) ካለ ሳይነበብ ይመለስ። ፈቃጁም ጸሐፊው ራሱ አይሁን።


ሸዋሮቢት_ተርሚናል · ሐምሌ 7

የገባ ነገር ቢበላሽስ? አፕት ወደ ኋላ አይመልስም።


ቀወት_ዴቭ · ሐምሌ 8

አሮጌውን ይዘት በአዲስ ቁጥር ነው የምትልከው። 1.4 ተበላሽቶ ወደ 1.3 መመለስ ከፈለግክ ቨርዥኑን 1.4 ብለህ የመደመር ምልክት፣ «ሪሊ» የሚለው ቃል፣ ከዚያ 1.3 አስከትል። ለአፕት ከ1.4 ይበልጣል፣ ውስጡ ግን 1.3 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የኤክስዜድ (የፋይል መጭመቂያው) የጀርባ በር ሲገኝ ዴቢያን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ 5.6.1 ላይ ሪሊ 5.4.5 አስከትሎ አወጣው። ኡቡንቱም 24.04 ቤታውን ከኤፕሪል 4 ወደ 11 ገፋው፣ ባይነሪዎቹን ዳግም ለመገንባት። ኢፖክ (ከቨርዥኑ ፊት የሚገባ ቁጥር) አትጠቀም፤ አንዴ ከገባ አይወጣም።

ግን ልብ በል፦ በ1.4 ላይ አዲሱ ፈንክሽን ከነበረና ከሱ ጋር የተገነባ ፕሮግራም አስቀድሞ ከወጣ፣ የተመለሰው ላይብረሪ ቁጥሩ ስለሚበልጥ ጥገኝነቱ ይሟላል፣ ፈንክሽኑ ግን የለም። ፕሮግራሙንም አብረህ መልስ፤ ወይም የተመለሰው ላይብረሪ የዚያን ፕሮግራም ችግር ያለበትን ቨርዥን «እሰብራለሁ» ብሎ በብሬክስ መስክ ይናገር።


መሐልሜዳ_ላብ · ሐምሌ 8

ፍላሹስ? እኛ ጋ ፋይሎቹን አንድ በአንድ በዲፒኬጂ የሚጭን አለ፤ ጥገኝነት አልተሟላም ሲለው አስገድዶ ያልፋል።


ጣርማበር · ሐምሌ 8

ጋሼ፣ ፍላሹ ላይ ልቅ ፋይል አይላክ። የተፈረመ ኢንዴክስ ያለው ትንሽ ሪፖዚተሪ አድርጋችሁ ላኩት፤ አፕት ፍላሹን እንደ ምንጭ ያነበዋል፣ ላይብረሪውንና ፕሮግራሙን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ራሱ ይጭናል። ልዩነቱ ብቻ ሳይሆን ከፍሪዙ መጀመሪያ ወዲህ የተለወጠው ሁሉ ይኑርበት፣ ያለፈውን ፍላሽ የዘለለ ላብም እንዲደርስ። ኢሜጁ ከመውጣቱ በፊትም በአንድ ማሽን ላይ ሦስቱንም ሁኔታ ሞክሩ፦ አዲስ ላይብረሪ ከአሮጌ ፕሮግራሞች፣ አዲስ ፕሮግራም ከአሮጌ ላይብረሪ (አፕት እምቢ ማለት አለበት)፣ ሁለቱም አዲስ። በሁለተኛው ላይ አፕት ዝም ብሎ ከጫነ የሲምቦልስ ፋይሉ ውስጥ የአዲሱ ፈንክሽን ቨርዥን አልተጻፈም ማለት ነው፤ ፕሮግራሙን ሳይሆን እሱን አርሙና ዳግም ገንቡ።


ባሶ_ቢልድ · ሐምሌ 8

የስትራክት ፓቹ ተመልሷል፣ ፈንክሽኑ በምትኩ ገብቷል። አቢዲፍ 4 መለሰ፣ አንድ የተጨመረ ፈንክሽን ብቻ። የሦስቱን ሁኔታ ፈተና ውጤት እዚሁ እለጥፈዋለሁ።